ጉም በሳሎን

ላስ ቬጋስ ውስጥ ሐበሻ ከሐበሻ ጋር ሲገናኝ መጀመሪያ የሚሰማው «እንዴት ከረማችሁ» አይደለም፤ «ጧ!» ነው። በተለይ በብርዱ ወራት፣ ምንጣፍ ረግጦ የመጣ እንግዳ ለሰላምታ ጉንጩን ሲያስጠጋ መሃል ላይ ብልጭታ ትዘላለች። ሁለቱም ወደ ኋላ ይሸሻሉ፤ ሁለቱም «ውይ! አንተ ነህ የነዘርከኝ» ይባባላሉ። በፊዚክሱ ከሄድን የሚያስፈራው የመጀመሪያው ጉንጭ ብቻ ነው፤ የተጠራቀመው ኃይል በእሱ ስለሚወጣ ሁለተኛውና ሦስተኛው ሰላም ናቸው። ግን ከአንደኛው በኋላ ማን ደፍሮ ይቀጥላል? ነባሮቹ ዘዴ አበጅተዋል። በር ላይ ሲደርሱ የመኪናቸውን ቁልፍ አውጥተው ጫፉን ከበሩ ብረት ያስነኩና፣ ብልጭታዋን በቁልፉ አስወጥተው በሰላም ይገባሉ። ላላወቀ ሰው ደጁን የሚሳለሙ ይመስላሉ።

አገሩ በረሃ ነው። ዓመቱን ሙሉ የሚዘንበው ተጠራቅሞ ወደ 100 ሚሊ ሜትር ቢሆን ነው፤ አዲስ አበባ በሐምሌ ብቻ የዚህን እጥፍ ታገኛለች። በሰኔ ከሰዓት በኋላ የአየሩ አንጻራዊ እርጥበት ከ10 በመቶ በታች ሲወርድ ለማንም ዜና አይሆንም። በሙቀቱ ጊዜ ኤሲው ከቤቱ አየር ላይ ውሃ ይመጥጣል፤ በብርዱ ጊዜ ደግሞ ማሞቂያው አየሩን እያሞቀ የባሰ ያስጠማዋል። ጉዳቱ መጀመሪያ አፍንጫ ላይ ይታያል፤ ቀጥሎ ከንፈር ላይ፣ ከዚያ ተረከዝ ላይ። ከሁሉ የሚያሳዝነው ግን እንጀራው ነው። ምሳ ላይ ሳይከደን የተረሳ እንጀራ፣ አቦሉ ሳይወርድ ድርቆሽ ሆኖ ይገኛል። ይህ ከተማ ለቋንጣ እንጂ ለእንጀራ አልተፈጠረም።

እማዬ ከአዲስ አበባ ልትጠይቀን የመጣችው ወደዚህ አየር ነው። ገና በሳምንቷ ነሰራት። እሷ «የአውሮፕላኑ ነው» አለች፤ እህቴ «የአየሩ ነው» አለች፤ የእህቴ ባል ምንም ሳይል ወጣና ሂዩሚዲፋየር፣ አየር የሚያረጥብ ማሽን፣ ገዝቶ ተመለሰ። የእህቴ ባል አማቱን የሚያከብር ሰው ነው። ችግሩ፣ ቴሌቪዥኑንም ያከብራል። 75 ኢንች ነው፤ ከሳሎኑ ግድግዳ የተረፈው ቦታ ለአንዲት ሥዕለ ማርያም ብቻ ይበቃል። በዚያ ቤት የራሱ የሆነ መጥረጊያ ጨርቅ ያለው ቴሌቪዥኑ ብቻ ነው፤ ልጆቹ እንኳ ፎጣ የሚጠቀሙት በጋራ ነው።

ማሽኗ ትንሽ፣ ነጭና ድምፅ አልባ ናት። ከአናቷ ቀጭን ጉም እየለቀቀች ሰማያዊ መብራት ታበራለች። የእህቴ ባል መታጠቢያ ቤቱ በር አጠገብ አስቀመጣት፤ ከቴሌቪዥኑ ይበልጥ የሚርቅ ሶኬት ቤቱ ውስጥ የለማ። እማዬ ግን ቀኑን የምታሳልፈው ሳሎን ነው። የነሰረው አፍንጫ ሳሎን፣ መድኃኒቱ መታጠቢያ ቤት በር ላይ! በማግሥቱ ማሽኗ የቴሌቪዥኑ ብፌ ላይ፣ ከሠርጉ ፎቶ ጎን፣ የኤሌክትሪክ ማከፋፈያው አናት ላይ ተደላድላ ተገኘች።

«ጌጥ እኮ ናት፤ ምን ጥግ ትወትፋታለህ?» አለችው እማዬ።

«እማማ፣ ውሃና ኤሌክትሪክ አንድ ላይ አይሆኑም ብዬ ነው።»

«ውሃው የታለ? ጉም ነው እንጂ።»

ከዚያ በኋላ የመጣው ጣጣ ሁሉ የተጠነሰሰው በዚህች መልስ ነው። ምክንያቱም ጉም ውሃ ነው። እውነተኛ ተን አይታይም፤ አየር ውስጥ ገብቶ ይጠፋል። ዓይን የሚያየው ነጭ ነገር ገና ተን ያልሆነ፣ እጅግ ደቅቆ የሚንሳፈፍ ጠብታ ነው። እነዚህ ርካሽና ጸጥተኛ የሆኑት፣ አልትራሶኒክ የሚባሉት ማሽኖች ውሃውን አያፈሉትም፣ አያተኑትም። ከታች ያለች አንዲት ትንሽ ክብ ሳህን በሰከንድ 1.7 ሚሊዮን ጊዜ ገደማ እየተንቀጠቀጠች ውሃውን ትፈረካክሰዋለች፤ ጠብታዎቹ ከአንድ ሚሊ ሜትር ሺህኛ ጥቂት ቢበልጡ ነው። እና ውሃው ውስጥ የሟሟው ሁሉ፣ ጨውም ሆነ ኖራ፣ ከጠብታው ጋር ተሳፍሮ ይበራል። ጠብታው አየር ላይ ሲደርቅ ተሳፋሪው ብቻውን ይቀርና ያገኘው ነገር ላይ ያርፋል።

በላስ ቬጋስ ደግሞ ተሳፋሪው ብዙ ነው። የከተማው ውሃ ከአሥር እጁ ዘጠኙ የሚመጣው ከኮሎራዶ ወንዝ ነው። ወንዙ ሚድ ሐይቅ እስኪደርስ በስንት ዐለት ውስጥ ሲንከባለል ያገኘውን እየላሰ ይመጣል። ውሃው ውስጥ የሟሟው ኖራ በሊትር ወደ 280 ሚሊ ግራም ይደርሳል፤ ማንቆርቆሪያ የሚያጥብ ሰው ይህን ቁጥር ሳይነገረው ያውቀዋል። ማሽኗ ሌሊቱን 4 ሊትር ከጨረሰች ከአንድ ግራም በላይ ኖራ ወደ ሳሎኑ ለቀቀች ማለት ነው። በወር ከ30 ግራም ያልፋል። ቤቱ ማንም ሳይቀጥረው በመጣ ቀለም ቀቢ ነጭ እየተቀባ ነበር።

ያ ጥቁር ቴሌቪዥን ሸበተ። የእህቴ ባል በጨርቁ ወልውሎት ያድራል፣ ጠዋት እንደገና ሸብቶ ያገኘዋል። ምርመራ ተጀመረ። መጀመሪያ የተጠረጠረው ዕጣኑ ነበር፤ እማዬ «ዕጣን ያጠቁራል እንጂ መቼ ያነጣል» ብላ በነጻ አሰናበተችው። ቀጥሎ ልጆቹ ተጠረጠሩ፤ ዱቄት ሲነኩ የታዩበት ጊዜ ስለሌለ ክሱ ተቋረጠ። ማሽኗን የጠረጠረ ሰው አልነበረም። ጉሟን ሲያዩት ከንጹሕነቱ የተነሣ ለክስ አይመችም።

እውነቱን ለመናገር ስክሪኑ ላይ ያለው ነጭ ብናኝ ከማስጠላት በቀር ያን ያህል አይጎዳም። የሚጎዱት ቬንትሌተር ያላቸው ዕቃዎች ናቸው። የልጆቹ የጌም ማሽን፣ የእህቴ ላፕቶፕ፣ ራሳቸውን ለማቀዝቀዝ አየር ይስባሉ። ጉሙ አፍንጫቸው ሥር ከተቀመጠላቸው ደግሞ ጠብታውን ከነኖራው ይስቡታል። ውስጥ የገባው ኖራ ቦርዱ ላይ ተጋግሮ ሙቀቱን አላስወጣ ይላል። ጨው ያለበት ብናኝ እርጥበት ሲያገኝ ኤሌክትሪክ ማስተላለፍም ይጀምራል፤ ብረቱንም ቀስ እያለ ያዝገዋል። ቴሌቪዥኑ ሲጠረግ ጌሙ ነበር የሚተነፍሰው፤ የእህቴ ባል የጠበቀው ግን ትልቁን ብቻ ነው።

ሰፈራችን ውስጥ ሁሉም «ጋሼ» የሚላቸው ሰው አሉ። ካዚኖ ውስጥ የቁማር ማሽን ይጠግናሉ። ያንን ማሽን ከፍተው ውስጡን ያዩ ስለሆኑ በሕይወታቸው አንድ ሳንቲም አስገብተውበት አያውቁም። የእህቴ ባል ወስኖ ጠራቸው። ሐሳቡ ግልጽ ነበር፤ ባለሙያ አፍ ላይ «ይህች ማሽን ከዚህ ቤት ትውጣ» የሚል ፍርድ ማስቀመጥ። ለአማት ይህን መናገር የሚችል በእሳቸው ዕድሜ ያለ ሰው ብቻ ነው።

ጋሼ ቡናቸውን ጠጡ፤ ብፌውን በጣታቸው ነክተው ጣታቸውን አዩ፤ ከዚያ ጠየቁ።

«ይህች ሳትመጣ በፊት የቤቱ እርጥበት ስንት ነበር?»

የሚያውቅ አልነበረም። ጋሼ ከኪሳቸው አንዲት ትንሽ መለኪያ አወጡ፤ ዋጋዋ ከአንድ ክትፎ አይበልጥም። ማሽኗን አስጠፍተው፣ መስኮት አስከፍተው፣ ሁለተኛው ቡና እስኪወርድ ጠበቁና አነበቡ። 16 በመቶ።

«ልጄ» አሉት የእህቴን ባል፣ «እኔ ብሆን ይህን ቴሌቪዥን ከእማማ ጉም ይልቅ ከአንተ ነበር የምጠብቀው።»

ያን ቀን የተማርነው ብዙ ነው። ደረቅ አየር ውስጥ ምንጣፍ ላይ የሚራመድ ሰው ገላው ላይ ኃይል ያጠራቅማል። እርጥበቱ ከ10 እስከ 20 በመቶ በሆነበት ክፍል ይህ እስከ 35,000 ቮልት ሊደርስ ይችላል፤ 65 በመቶና ከዚያ በላይ በሆነበት ግን ያው ሰው በዚያው ምንጣፍ ላይ ሄዶ ወደ 1,500 ቮልት ነው የሚይዘው። እርጥብ አየር የዕቃዎቹን ገጽ በስስ የውሃ ሽፋን ስለሚያለብስ ኃይሉ ሳይጠራቀም ይሸሻል። ሰውን 35,000 ቮልት የማይገድለው የተጠራቀመው ኃይል ኢምንት ስለሆነና በቅጽበት ስለሚያልቅ ነው። መነዘራችን ራሱ የሚታወቀን ከ3,000 ቮልት ገደማ ጀምሮ ነው። አንዳንዶቹ ጥቃቅን የኤሌክትሮኒክስ ክፍሎች ግን ከ100 ቮልት በታች ያለ ነዘራ ይበቃቸዋል። ስለዚህ ሰው ምንም ሳይሰማው ዕቃውን ገድሎ ቡናውን ሊጠጣ ይችላል። ጋሼ የቁማር ማሽን ሲከፍቱ እጃቸው አንጓ ላይ ማሰሪያ የሚያስሩት፣ የማሰሪያውንም ገመድ ከማሽኑ ብረት ጋር የሚያገናኙት ለዚህ ነው። «ካዚኖው ለእኔ አዝኖ እንዳይመስላችሁ» አሉ።

ሽፋኑ ያልተከፈተ ቴሌቪዥን ብዙ መከላከያ አለው፤ ቶሎ አይሞትም። ደካማ ጎኑ ገመድ የሚሰካበት ቀዳዳ ነው። የእህቴ ባል ደግሞ በየምሽቱ በካልሲ ምንጣፉ ላይ እየተንሸራተተ፣ በደረቅ ጨርቅ እየፈተገ፣ ከዚያ እጁን ከኋላ ሰዶ ገመዶቹን «ላልተዋል እንዴ» እያለ የሚነካካ ሰው ነው። ፍርዱ ወደ ከሳሹ ሲዞር እማዬ ምንም አልተናገረችም። ስኒዋን ብቻ አስቀመጠች፤ አቀማመጧ ግን ንግግር ነበር።

ጋሼ ለማሽኗም አላደሉም። እርጥበት ወዳጅ የሚሆነው አየር ውስጥ እስካለ ነው፤ ዕቃ ላይ ጠብታ ሆኖ ሲቀመጥ ወዳጅነቱ ያበቃል። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ድርጅት ለመኖሪያ ቤት የሚመክረው ከ30 እስከ 50 በመቶ ነው። ዕቃዎቹማ ከዚያ በላይም ይችላሉ፤ የአፕል ላፕቶፖች መግለጫ እስከ 90 በመቶ ድረስ ይፈቅዳል። ግን ጠብታ እስካልፈጠረ ድረስ ነው የሚፈቅደው። ይህችን ነጥብ ለማስረዳት ጋሼ የሚወዷትን ታሪክ አመጡ።

በ2011 እ.ኤ.አ. በሙቀቱ ወራት፣ ኦሪገን ግዛት ፕራይንቪል በምትባል ትንሽ ከተማ፣ ፌስቡክ ገና አዲስ የሠራው የሰርቨር ማዕከል ነበር። ሕንፃው በተለመደው ኤሲ ፈንታ የውጭ አየር ስቦ በውሃ ርጭት እያቀዘቀዘ ነበር የሚሠራው፤ ባጭሩ ትልቅ ሂዩሚዲፋየር ነው። አንድ ቀን የሕንፃው መቆጣጠሪያ ተሳሳተና ከሰርቨሮቹ የወጣውን ሙቅ አየር ወደ ውጭ በማስወጣት ፈንታ መልሶ ወደ ርጭቱ ሰደደው። ሙቁ አየር ውሃውን ጠግቦ ተመለሰ፤ ከ26 ዲግሪ በላይ ሙቀትና 95 በመቶ እርጥበት ይዞ ቀዝቃዛዎቹ ሰርቨሮች ላይ ሲደርስ ጠብታ ሆነ። ሕንፃው ውስጥ ደመና ተፈጠረ። አንዳንዶቹ ሰርቨሮች ጠፍተው ተነሡ፤ አንዳንዶቹ ጠፍተው ቀሩ። በ2013 ነገሩን በይፋ የተናገረው የወቅቱ የድርጅቱ የመሠረተ ልማት ኃላፊ ጄይ ፓሪክ ነው። ከዚያ ወዲያ የኃይል ማቅረቢያዎቻቸው ዙሪያቸውን በጎማ ይታሸጉ ጀመር፤ ፓሪክም የጎማ ዝናብ ልብስ ብሎታል።

እማዬ ስታዳምጥ ቆየችና «እዚያ ያሉት ፎቶዎቼስ?» አለች።

ጋሼ ፎቶዎቹ ደኅና መሆናቸውን አረጋገጡላት። እኔ ግን የፕራይንቪልን ነገር ስሰማ ትዝ ያለኝ ሌላ ነው። እርጥበትን መቆጣጠር የሰው ልጅ የጀመረው ለራሱ ብሎ አይደለም። በ1902 እ.ኤ.አ. ኒው ዮርክ፣ ብሩክሊን ውስጥ አንድ ማተሚያ ቤት በሙቀቱ ወራት ቀለም አልገጥም አለው። አየሩ ሲረጥብ ወረቀቱ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሟሽሻል፤ ሁለተኛው ቀለም ከመጀመሪያው ጋር ሳይገናኝ ይቀራል። ዊሊስ ካሪየር የተባለ የ25 ዓመት መሐንዲስ የክፍሉን እርጥበት የሚገዛ መሣሪያ ነደፈ። ዛሬ ላስ ቬጋስን ሰው እንዲኖርባት ያስቻለው ኤሲ የተወለደው እንዲህ ነው፤ ወረቀት እንዲመቸው። ሰው በኋላ ነው የደረሰው። የእህቴ ባል ከአማቱ አፍንጫ በፊት የቴሌቪዥኑን ጤና ሲያስብ ታሪክ ከጎኑ ቆሞ ነበር ማለት ይቻላል፤ ይህን ግን በዚያ ሰዓት ጮክ ብዬ አልተናገርኩም።

ቀጥሎ የውሃው ክርክር መጣ። ጋሼ «ይህችን ማሽን ካልተዋችኋት ዲስቲልድ ውሃ አጠጧት» አሉ። ተንኖ ተመልሶ የተጠራቀመ ውሃ ስለሆነ የሚሳፈር ነገር የለበትም። የእህቴ ባል በማግሥቱ የመኪናውን ኋላ በጋሎን ሞልቶ መጣ። እማዬ ጋሎኖቹን ስትቆጥር ፊቷ ተለወጠ። እሷ የቧንቧ ውሃ እየጠጣች ማሽኗ የተገዛ ውሃ ልትጠጣ! «ከሆነማ አምቦ ውሃ ስጧት» አለች። በነገራችን ላይ ከዚህ የባሰ ምክር አይገኝም፤ አምቦ ውሃ አምቦ የሆነው በማዕድኑ ብዛት ነው፤ ቴሌቪዥኑ በሁለት ቀን ጤፍ የተነፋበት ነበር የሚመስለው።

አምቦው በቀልድ አለፈ። ጤና አዳሙ ግን በቀልድ አላለፈም። እህቴ በረንዳ ላይ በማሰሮ ተክላዋለች፤ ለቡና። አንድ ማለዳ እማዬ ጉንፋን ጀማመራትና ቅጠሉን ጨምቃ ከነግንዱ የማሽኗ ሆድ ውስጥ ጨመረችው። አገር ቤት ባሕር ዛፍ አፍልቶ መታጠን የሚያውቅ ሰው ይህን ቢያደርግ አይደንቅም። ችግሩ ማሽኗ ድስት አይደለችም። የቅጠል ዘይት ፕላስቲኩን ያሰነጥቃል፤ ጭቃው ያቺን የምትንቀጠቀጥ ሳህን ይለብሳታል፤ የቀረው ዘይት ደግሞ ከጉሙ ጋር ወጥቶ ስክሪን ላይ ይለጠፋል። አቧራ የሚነሣው በጨርቅ ነው፤ ቅባት ላይ የተቀመጠ አቧራ ግን እንዲህ በዋዛ አይለቅም። ማሽኗ በዚያው ሳምንት አንድ ሁለቴ አጉረመረመችና ዝም አለች። ሳሎኑ ለጥቂት ቀን ጤና አዳም ጤና አዳም ሸተተ፤ እንግዶች ገብተው «ቡና አለ እንዴ?» ይሉ ነበር።

ሌላም ነገር ነበር፤ ለእህቴ ባል የሃይማኖት ፈተና ሆኖበት የቆየ። እማዬ ከእንጦጦ ማርያም ያመጣችውን ጠበል በየማታው ማሽኗ ውስጥ ጠብ ጠብ ታደርግ ኖሯል። ነጩ ብናኝ የኮሎራዶ ወንዝ ብቻ እንዳልሆነ ሲያውቅ ጨርቁን እንደያዘ ቆመ። ጠበል በጫማ ማጽጃ ሳጥን ውስጥ በሚቀመጥ ጨርቅ ይጠረጋል? እህቴ ጨርቁን ከእጁ ነጥቃ ጠረገችው።

ለአዲሱ ማሽን ምርጫ ቤቱ ሸንጎ ተቀመጠ። እማዬ የፈለገችው የሚያፈላውን ዓይነት ነው። የፈላ ነገር አያሰጋትም፤ ተሕዋሲውም ይሞታል፣ ኖራውም ከታች ይቀራል። እውነቷን ነው፤ ግን መብራት ይበላል፣ የሚሮጡ ልጆች ባሉበት ቤትም የፈላ ውሃ ወለል ላይ ማስቀመጥ ልብ አይሰጥም። ጋሼም እኔም የመረጥነው ሦስተኛውን ነው፤ የተነከረ ማጣሪያ ያለው፣ ቬንትሌተር አየር በማጣሪያው ውስጥ የሚያሳልፍበት። ጉም አያወጣም። ውሃው በራሱ ጊዜ ተንኖ ይሄዳል፤ ኖራው ማጣሪያው ላይ ይቀራል። ማጣሪያው ጥቂት ሰንብቶ ደርቆ እንደ ቋንጣ ይንቋቋል፤ ያኔ ይቀየራል። ኤሌክትሮኒክስ ለበዛበት ቤት ከዚህ የተሻለ አላውቅም። ጉድለቱ ድምፁ ነው። እማዬ የቴሌቪዥኑን ድምፅ ከፍ ታደርጋለች፣ ማሽኑ ያጓራል፣ እሷ ደግሞ ትጨምራለች። ሌላው ቅሬታዋ «ምንም አይወጣውም» የሚል ነው። ጉም ስታይ የኖረች ሴት የማይታይ ሥራ አታምንም። የጋሼ መለኪያ ባይኖር ተመልሶ ይሸጥ ነበር።

መለኪያዋ ግን የቤቱን ጠባይ ለወጠችው። የእህቴ ባል ቁጥር ሲያገኝ ነፍሱ መለስ ትላለች። አንድ ማታ ወረቀት ይዞ ቁጭ አለ። ሳሎኑና ጓዳው 50 ካሬ ሜትር ነው፤ ከፍታው ሁለት ሜትር ተኩል፤ 125 ሜትር ኩብ አየር። ያ አየር በ21 ዲግሪ ሙቀት ሲጠግብ በሜትር ኩብ ወደ 18 ግራም ውሃ ይይዛል። ከ16 በመቶ ወደ 40 ለማድረስ የሚያስፈልገው ግማሽ ሊትር ገደማ ብቻ ነው። «ታዲያ ማሽኑ በየሌሊቱ የሚጠጣው 4 ሊትር የት ይሄዳል?» አለና ቤቱን ዞሮ መፈተሽ ጀመረ። የሚሄደው በበሩ ሥር፣ በመስኮቱ ጠርዝ፣ በማድ ቤቱ ማስወጫ ነው። ቤቱ ሌሊቱን ሙሉ የኔቫዳን በረሃ ሲያጠጣ ኖሯል። እማዬ ይህን ስትሰማ «በረሃው የመንግሥት አይደል? ያጠጣው እንጂ» ብላ ፎጣ ጠቅልላ በሩ ሥር ወተፈች። መለኪያዋ በዚያ ሌሊት ስድስት ነጥብ ጨመረች፤ ከተገዛው ነገር ሁሉ የሠራው ፎጣው ነው።

ቦታው ላይ የተደረገው ድርድር አጭር ነበር። ማሽኑ ከቴሌቪዥኑና ከጌሙ ሁለት ሜትር ርቆ፣ ከወለሉ ከፍ ብሎ በርጩማ ላይ፣ አፉ ወደ ክፍሉ መሃል ዞሮ ተቀመጠ። የኤሌክትሪክ ማከፋፈያው ቀርቶ ለብቻው ግድግዳው ላይ ተሰካ። ገመዱ ከሶኬቱ ዝቅ ብሎ ሆዱን ወደ ታች እንዲጥል ተደረገ፤ ገመዱን ተከትላ የመጣች ጠብታ ካለች ሶኬቱ ውስጥ ሳትገባ ከሆዱ ላይ እንድትንጠባጠብ ነው። ውሃ ሲሞላ መጀመሪያ ይነቀላል። ውሃው በየቀኑ ይደፋል፣ ሆዱ በየሦስት ቀኑ ይታጠባል፤ የቆመ ውሃ ሻጋታ ያበቅላልና። ይህን የመጨረሻውን ሥራ እማዬ ራሷ ወሰደችው። ጀበና የሚያጥብ ሰው ይህን ለማንም አያምንም።

የጌሙን ማሽን ጋሼ ከፍተው አጸዱት። ማሰሪያቸውን አንጓቸው ላይ አስረው፣ በብሩሽ ነጩን ዱቄት ሲያራግፉት ልጆቹ ዙሪያውን ተኮልኩለው ነበር። ተነሥቶ ሠራ። ሒሳብ ሲጠየቁ «ክትፎ ብቻ» አሉ።

እማዬ የምትመለስበት ጊዜ ሲደርስ ሻንጣ መጠቅለል ተጀመረ። ሁለት ሻንጣ፣ እያንዳንዱ 23 ኪሎ። ማሽኑ ከነሳጥኑ ከቫይታሚኑና ከጫማው ጎን ተቀመጠ። የእህቴ ባል ደነገጠ።

«እማማ፣ ይሄ የ120 ቮልት ነው፤ አዲስ አበባ 220 ላይ ቢሰኩት ያኔውኑ ይቃጠላል።»

«ትራንስፎርመር እገዛለሁ።»

«ደግሞስ በሐምሌ ምን ሊያደርግልዎ? ግድግዳው ራሱ ያልባል እኮ።»

ይህችኛዋ አሳመነቻት። ማሽኑ ከሻንጣው ወጣ፤ በምትኩ መለኪያዋ ገባች። በአንዲት ክብ ባትሪ ነው የምትሠራው፤ ቮልት አትመርጥም። አሁን አዲስ አበባ ሳሎን ውስጥ፣ ቴሌቪዥኑ ጎን ተቀምጣለች። ዝናቡ ከገባ ወዲህ ስልኩ በየማለዳው ይደወላል።

«ዛሬ 76 ሆኗል፤ ምን ላድርግ?»

የእህቴ ባል ይህን ጥሪ ተቀምጦ ይጠብቃል። ዝናቡ ሲያባራ መስኮት ይከፈት ይላል። ቴሌቪዥኑ በቀን ጥቂት ሰዓት ይብራ፤ የራሱ ሙቀት ያደርቀዋል። ከግድግዳው ፈቀቅ ይበል፤ ኋላው አየር ያግኝ። ከዚያ ይጠይቃል፤ ስንት ጣት ይርቃል? ከኋላ በኩል ሲነኩት ይሞቃል ወይስ ቀዝቅዟል? ጨርቁስ ደረቅ ነው እርጥብ?

«ቴሌቪዥኑ ደኅና ነው» አለችው ባለፈው። «እኔም ደኅና ነኝ፤ አፍንጫዬም ደኅና ነው። ስለጠየቅኸኝ እግዜር ይስጥልኝ።»